ሁለተኛው ገጽ

ዲላ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሩሃማ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ዳገት ካላሳየሁት ዝም ይላል። እናትሽን ራሄልን ሰላም በይልኝ። ጪጩ ያለው ቤተ ሰብ ሁሉም ደህና ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ አልወጣም፣ ቡናው ግን ቀልቶ መለቀም ጀምሯል። እግዚአብሔር በሄድሽበት አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ የሚያስተምሩሽንም የሚያበሉሽንም ይባርክ።

የመጀመሪያ ደብዳቤሽ በሃያ ሦስት ቀን ደረሰኝ። በዘጠኝ ዓመቷ ከዚህ የወጣች ልጅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አንድ ገጽ ሙሉ አማርኛ መጻፏ ቀላል ነገር አይደለም። ስሕተቶቹን በቀይ አርሜ ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። አሥራ አራት ናቸው። ዘጠኙ የ"ሰ"ና የ"ሠ" ጉዳይ ስለሆኑ አትጨነቂባቸው፤ አምስቱን ግን ደጋግመሽ ጻፊ። "አያቴ ናፈቀኝ" አይባልም፤ "አያቴ ናፈቀችኝ" ነው።

ምን ብለሽ እንደምትጠሪኝ ጠይቀሻል። የአያትሽ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአጎቴ ልጅ ነበሩ። ይህ ሩቅ ነው፤ ግን እናትሽን አራት ዓመት ጂኦግራፊ ስላስተማርኳት ቅርብም ነው። "ጋሼ" ይበቃል።

በስልክ እየተገናኘን ወረቀት ለምን ያስፈልጋል ላልሽው፣ መልሱ አያትሽ ናቸው። እሑድ እሑድ በእኔ ስልክ ስትደውዪ ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ሲዘጋ ደግሞ እጃቸው ላይ የሚቀር ነገር የለም። ደብዳቤ ግን ትራሳቸው ሥር ያስቀምጣሉ። ማንበብ ስለማይችሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ ጪጩ ወርጄ የማነብላቸው እኔ ነኝ። በእሳቸው ቤት ደብዳቤ ማንበብ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ደንብ አለኝ፦ መጀመሪያ ለብቻዬ ከዳር እስከ ዳር፣ ከዚያ ጮክ ብዬ።

አሁን የአያትሽን ጥያቄ ልጻፍ። በራሳቸው አነጋገር እንዲህ ነው፦ "ልጅቷ ከትምህርት ስትመለስ ከማን ጋር ነው የምትውለው? ራሄል እንደሆነች ሲመሽ ነው ከሥራ የምትገባው። ባዶ ቤት ግድግዳ እያየች ነው እንዴ?" እውነቱን በዝርዝር መልሺላቸው።

አክባሪሽ
ተሻለ


ታምፔሬ፣ ኖቬምበር 20

ለተከበሩ ጋሼ ተሻለ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ስለ እናንተ ናፍቆት ካልሆነ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን መስመር እማዬ ናት የነገረችኝ፣ ግን እውነት ነው። እዚህ ፊንላንድ በረዶ ጀምሯል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን እንደ ማታ ይጨልማል።

አምስቱን ስሕተት ሃያ ሃያ ጊዜ ጻፍኳቸው። አያቴ ናፈቀችኝ፣ አያቴ ናፈቀችኝ። ሃያ ጊዜ ሲጻፍ በጣም ይናፍቃል።

የምማረው ሽማግሌዎችን መንከባከብ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ሽማግሌዎች የሚኖሩበት ቤት ሄደን እንሠራለን። አንዲት ሴትዮ ጸጉሬን መንካት ይወዳሉ። ሩሃማ ማለት ስለማይችሉ "ሩሃ" ይሉኛል።

አሁን አያቴ የጠየቀችውን ልመልስ። ብቻዬን አይደለሁም። ከትምህርት በኋላ መከላከያ ነኝ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። አምስት ሆነን ነው የምንሠራው። አራቱ ወዲያ ወዲህ ይሄዳሉ፣ እኔ ግን ቦታዬን አለቅም። ጠላት በእኔ በር ከመጣ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ። የሰማሁትን ለሌሎቹ እናገራለሁ፣ ከዚያ እነሱ እስኪደርሱ ብቻዬን መያዝ አለብኝ። መሪያችን "እንደ አንቺ ያለ መከላከያ አላየሁም" ብሎኛል። ይህንን ለአያቴ ይንገሩልኝ፣ ደስ ይበላት።

(ገጽ 2)

ብዙ ጊዜ እሞታለሁ፣ ግን ችግር የለውም፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሁላችንም እንነሣለን። ጌም ስለሆነ። የኮምፒውተር ጌም ነው፣ በኢንተርኔት። አምስት ለአምስት ነን። የዚያኛው ቲም ሰዎች ፈንጂ ይዘው ይመጣሉ፤ ከሁለት ቦታ በአንዱ ላይ ማስቀመጥ ይፈልጋሉ። አንዱን ቦታ እኔ እጠብቃለሁ። ሄድሴት አድርጌ የእግራቸውን ድምፅ እሰማለሁ፦ በእንጨት ላይ ነው፣ በብረት ላይ ነው፣ ስንት ናቸው። ሲያልቅ ማን ስንት ሰው እንደገደለ በሰንጠረዥ ይወጣል። እኔ ሁልጊዜ የመጨረሻ ነኝ፣ ምክንያቱም የእኔ ሥራ መግደል ሳይሆን መቆየት ነው።

ከእኛ ቲም ሁለቱ እዚሁ ፊንላንድ ናቸው፣ አንዱ ፖላንድ፣ አንዷ ካይሮ። በአካል ተያይተን አናውቅም። ግን በየቀኑ "ሩሃማ መጣች" የሚሉኝ እነሱ ናቸው። ለአያቴ ግድግዳ አላይም ይበሉልኝ። የማየው በር ነው።

ልጅዎ ሩሃማ


ዲላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሩሃማ፣

እንደምን ከረምሽ? ብርዱ እንዳይጎዳሽ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

ደብዳቤሽ ኅዳር 28 ቀን ደርሶኛል። ስሕተቶቹ ወደ ስምንት ወርደዋል፤ አመሰግንሻለሁ። ከስምንቱ ውጭ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። "መከላከያ" የሚለውን ቃል ከእንግዲህ አትጻፊ። ለአንድ ሰው "ተከላካይ" ነው የሚባለው። በስልክም አትበዪው።

ከዚህ ቀጥሎ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። ከእግር እስከ ራስ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ተነሥተሽ ላኪ። በስልክ ሳይሆን በወረቀት የታተመ ይሁን። በትምህርት ቤትሽ ወይም በምትሠሪበት ቤት፣ በዘወትር ልብስሽ ሁኚ። ቢቻል የምትንከባከቢያቸው ሴትዮ አብረው ይኑሩበት።

አያትሽ ሰሞኑን ጉንፋን ይዟቸው ስለሆነ ነው እሑድ ስልኩ ላይ ያልቀረቡት። አታስቢ።

ተሻለ


ታምፔሬ፣ ጃንዋሪ 22 / ጥር 14

ለተከበሩ ጋሼ ተሻለ፣

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰዎ። ፎቶውን ልኬያለሁ። ሴትዮዋም አሉበት፣ ጸጉራቸውን አበጥሬላቸው ነው የተነሣነው።

ጋሼ፣ ልጠይቅዎት ነው፣ አይቆጡኝ። ጉንፋን ስድስት ሳምንት ይቆያል? እኔ የምማረው እኮ ይህንን ነው። ስድስት ሳምንት ከቆየ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት። ደግሞ ባለፈው እሑድ ምስሉ ሲቆም ድምፁ አልተቆረጠም ነበር። ከኋላዎ "የለችም በለው" ስትል ሰምቻታለሁ። ለእኔ "በላት" ማለት ነበረባት። እንኳን እኔ አያቴም ትሳሳታለች ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ።

ምን አድርጌ ነው? የጻፍኩትን ደጋግሜ አሰብኩ። እርስዎ የተቆጡት በአንድ ቃል ነው። ስለዚህ እማዬን "መከላከያ ምን ማለት ነው?" አልኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። "ማን ነው የጻፈልሽ? ይርጉ..." አለችና ውሃውን ዘጋች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቆየች።

አጎቴ ይርጉ ሐዋሳ ፋብሪካ ውስጥ አይደለም እንዴ የሚሠራው? ትንሽ ሆኜ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ቡናው መሀል ይሮጥ ነበር። ስደውል ለምንድን ነው እሱ አንድም ቀን የማይመጣው? እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። አሁን ጠየቅኩ።

ልጅዎ ሩሃማ


ዲላ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሩሃማ፣

እንደምን አለሽ? ለጥያቄሽ የሚገባውን መልስ ለመስጠት ሦስት ሳምንት ወስዶብኛል። ከትንሹ ነገር ልጀምር።

ፎቶግራፉ ጥሩ ነው፤ ግን አልሠራም። አያትሽ የተለቀመ ቡና ከጭራሮ እየለዩ ነበር። ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩት። "ከስታለች" አሉ። ከዚያ የሥራ ልብስሽን በጣታቸው ነክተው፣ "ደረቷ ላይ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ስሟ ነው።"

"ስም ደረት ላይ የሚጻፈው ለማን ነው?"

"እትዬ፣ የሆስፒታል ሰዎችም ያደርጉታል" አልኳቸው። "ያ የጻፈችው ነገር ደግሞ ጨዋታ ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ። ከቤቷ አትወጣም።"

እጃቸውን ከቡናው ሳያነሡ፣ "ሐዋሳ ፋብሪካም ነበረ" አሉኝ።

እንግዲህ ስሚ። ይርጉ ሐዋሳ ፋብሪካ ገብቶ አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው መከላከያ የገባው። እዚህ አገር "መከላከያ" ሲባል ሠራዊቱ ነው፤ ሌላ ነገር ማንም አያስብም። አንቺ ከወጣሽ ብዙ ዓመት ስለሆነ ይህን ባለማወቅሽ አልፈርድም። የመጀመሪያ ደብዳቤው ላይ፣ "ጋሼ፣ ለእናቴ እንደሚመችዎት አድርገው ይንገሩልኝ" ብሎ ነበር። እኔም "ሐዋሳ ፋብሪካ በጥበቃ ተቀጥሬያለሁ" ብዬ አነበብኩላቸው። ሌሎቹን ሦስት ደብዳቤዎችም እንዲሁ እየዘለልኩ፣ እያስተካከልኩ አነበብኩ። ላስጨንቃቸው ስላልፈለግኩ ነው። ይህ ምክንያት እንጂ ይቅርታ አይደለም።

ስምንት ወር ካለፈ በኋላ ጪጩ ገበያ አንዲት ጎመን የምትሸጥ ሴት፣ "የእርስዎም ልጅ ከእኔ ልጅ ጋር ነው፣ አይዞን" አለቻቸው። ይህን የነገረችኝ ሴትዮዋ ራሷ ናት። አያትሽ ግን አንድ ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። ቅዳሜ ስሄድ ምሳ ያቀርባሉ፣ ደብዳቤ ካለ ይሰጡኛል። የይርጉ የመጨረሻ ደብዳቤ የመጣው በ2013 ሰኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ክፉም ሆነ ደግ ወሬ የለም። እናትሽ ታውቃለች። ለአንቺ ያልነገረችሽ እንደ እኔው ላለማስጨነቅ ብላ ይመስለኛል።

አሁን ያንቺን ጉዳይ። ኅዳር 28 ቅዳሜ ነበር። ደብዳቤሽን ከፖስታ ቤት አውጥቼ በዚያው ጪጩ ወረድኩ። አያትሽ "ከልጅቷ ነው? አንብበው እንጂ" ሲሉኝ ደንቤን ጥሼ፣ ቀድሜ ሳላየው ጮክ ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ "ደስ ይበላት" ብሎ ያልቃል። ገጹን ሳልገልጥ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ሁለተኛውን ገጽ ቆሜ ብቻዬን አነበብኩት። "ብዙ ጊዜ እሞታለሁ" የሚለው ከላይ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ እንደማይሞት እሳቸውም ያውቃሉ፤ አንድ መስመር ቢጠብቁኝ ኖሮ ጨዋታ መሆኑ ይገባቸው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ አልቀርብም አሉ።

በደንብ ላስረዳቸው ብዬ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለ የጌም ቤት ሄጄ ነበር። ብሌን የምትባል ሴት ናት ባለቤቷ።

"መምህር፣ የጠፋ ልጅ ሊፈልጉ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም፣ ልማር ነው" አልኳት።

መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ አስቀመጠችኝ። ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ አንድ ሰዓት ተኩል ተጫወትኩ ልበል። "መምህር፣ የሚተኩሱት ግድግዳውን ነው። ግድግዳው የእኛ ነው" ትላለች። "የተከላካዩን ቦታ ስጪኝ" አልኳት። "እሱን ማንም አይፈልገውም፣ ይሰለቻል፣ ይውሰዱት" አለች። ወሰድኩት። አንድ ነገር ተረዳሁ፦ አጥቂው የሚሄድበትን ያውቃል፤ ተከላካዩ የሚመጣውን አያውቅም። አንቺ ሁለት ዓመት እንዴት እንደቻልሽው አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለአያትሽ ብነግራቸው የሚያምኑኝ አይመስለኝም። ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። አጭር ደብዳቤ ጻፊላቸው። "ከመከላከያ ወጥቻለሁ፤ አሁን የምሠራው ከሽማግሌዎች ጋር ብቻ ነው" በይ። ሌላ ማብራሪያ አትጨምሪበት። ቶሎ ከላክሽው ለፋሲካ ይደርሳል፣ እሳቸውም በዓሉን በሰላም ይውላሉ።

አክባሪሽ
ተሻለ


ታምፔሬ፣ ማርች 26 / መጋቢት 17

ለተከበሩ ጋሼ ተሻለ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። በአማርኛ መቆጣት አልችልበትም። ስቆጣ ቃላቱ ይጠፉብኛል።

ስለ አጎቴ ይርጉ ለእማዬ ነገርኳት። እንደማውቅ ስታይ ተቀመጠች። "ታዝኛለሽ ብዬ ነው" አለችኝ። ፎቶውን አወጣች፣ አብረን አየነው። የእኔን ጆሮ ይዞ ይስቃል። አላዘንኩም አልልም። ግን ለብቻዬ አይደለም ያዘንኩት።

ጋሼ፣ ያሉኝን አልጽፍም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያልገባሁበትን ወጣሁ ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? ደግሞ አያቴ ታምነኛለች ብለው ነው? "ወጣች ከተባለ ገብታ ነበር ማለት ነው" ትላለች። ከዚያ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ሐዋሳ ፋብሪካ ይሆናል።

ስለ ጌሙ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እርስዎም ስለተጫወቱት ይገባዎታል። ባለፈው ዓመት ትልቅ ውድድር ነበረን። የእኔ በር ላይ ቆሜ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ሦስት ሰው ነበር። ለሌሎቹ ብነግራቸው ቦታቸውን ጥለው ወደ እኔ ይሮጣሉ፣ ይጨነቃሉ ብዬ አሰብኩ። እችላቸዋለሁ አልኩ። መሪያችን "ሩሃማ፣ እንዴት ነው?" ሲለኝ "ሰላም ነው" አልኩ። ሁለቱን መታሁ፣ ሦስተኛው መታኝ። የእኛዎቹ ምንም ሳያውቁ ከጀርባቸው ተመቱ። አምስታችንም አለቅን፣ ተሸነፍን።

መሪያችን ስለሞትኩ አልተቆጣም። "መሞት ሥራሽ ነው" አለኝ። "ሰላም ነው ስትዪን ግን ዓይናችንን ነው ያጠፋሽው። አንቺ የቆምሽው እንድትገድዪ አይደለም፣ እንድትነግሪን ነው።" አንድ ሳምንት አፍሬ አልገባሁም። ስመለስ ያንኑ በር ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን ሁሉ እናገራለሁ። እየፈራሁ ቢሆንም እናገራለሁ።

እርስዎን ላስተምር አይደለም። እርስዎ የእማዬም አስተማሪ ነዎት። ግን ለአያቴ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። ስለ እኔ አይደለም፣ ስለ አጎቴ ይርጉ ደብዳቤዎች። ያን ካልነገሯት ስለ እኔ የሚሏትን አታምንም፣ እኔም አያቴን በሕይወት እያለች አጣኋት ማለት ነው።

ስሕተቶቼን አርመው ይመልሱልኝ። ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ።

ልጅዎ ሩሃማ


ዲላ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሩሃማ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ፤ ዘግይቶም ቢሆን።

ደብዳቤሽ ሚያዝያ 7 ደርሶኛል። ፖስታ ቤቱ አልዘገየም፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ጪጩ ወረድኩ፣ ስለ ዝናብ ተነጋግረን ተመለስኩ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሄድኩ፣ ምሳ በላሁ፣ ተመለስኩ። በክፍል ውስጥ መልሱን የሚያውቅ ግን እጁን የማያነሣ ተማሪ ያበሽቀኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰነፍ ይመስለኝ ነበር እንጂ መፍራቱን አላሰብኩም።

ሚያዝያ 25 ቀን ነገርኳቸው። ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቦሎቄ ይፈለፍሉ ነበር።

"እትዬ፣ የይርጉን ደብዳቤዎች እንደተጻፉ አላነበብኩልዎትም" አልኩ።

"አውቃለሁ።"

"እንደሚያውቁ አውቃለሁ። እኔ ግን አልነገርኩዎትም።"

"አልነገርከኝም" አሉ። "ጎመን ሻጭ ነገረችኝ። አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለህ፣ እጅህን ትታጠባለህ፣ ትበላለህ፣ አልነገርከኝም።"

ቦሎቄውን አስቀምጠው ገቡና በላስቲክ የተጠቀለሉ አራት ደብዳቤዎች ይዘው ወጡ።

"እንደተጻፈው አንብብ። ያን ጊዜ የዘለልከው ጋ ስትደርስ እጅህን አንሣ።"

"እጄን?"

"እጅህን። የቱ እንደሆነ ልወቅ።"

አነበብኩ፣ ሩሃማ። እጄን አሥራ አንድ ጊዜ አነሣሁ። መንገድ ዳር ስለሆነ ሰው ያልፋል፤ የድሮ ተማሪዎቼም አለፉ። በሦስተኛው ደብዳቤ ላይ እንዲህ የሚል ነበረ፦ "ተራዬ ደርሶ ስቆም የማስበው የጓሯችንን እንሰት ነው። ዝናብ ቅጠሉን ሲመታው ያለውን ድምፅ እዚህ ማንም አያውቀውም። ያን ጊዜ እናቴ በር ላይ ሆና 'ግባ፣ በሰበስክ እኮ' ስትለኝ ይሰማኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ።" ያኔ ሙሉውን ዘልዬው ነበር፤ "ተራዬ ደርሶ ስቆም" የሚለው ወታደርነቱን ያሳብቃል ብዬ። የቀረውን ልብ ብዬ እንኳ አላየሁትም።

"ድገመው" አሉ። ደገምኩት። "ድገመው" አሉ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

"ይህን አራት ዓመት ደበቅከኝ" አሉኝ።

"እትዬ፣ እኔ የደበቅኩት ውትድርናውን ነበር።"

"ውትድርናውንማ ጎመን ሻጯ ነገረችኝ። ይህን የምትነግረኝ ሴት አልነበረችም።"

በዚያ ቀን ምሳ አልቀረበልኝም። "ሂድ" አሉኝ፣ ሄድኩ። በእግሬ እስከ ዋናው መንገድ ስወጣ ጉልበቴ መኖሩን አላስታወስኩም።

ሳምንቱን ሙሉ አልሄድም ብዬ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ግን ሄድኩ፤ ደብዳቤ አነባቢ ነኝና። በሩ ክፍት ነበር። "የልጅቷን አምጥተኸዋል?" አሉኝ። ከኅዳር ጀምሮ ከኪሴ አልወጣም። የመጀመሪያውን ገጽ ደግሜ አነበብኩ። አልተነሡም። ገጹን ገለጥኩ።

"ትሞታለች?" አሉ።

"ትሞታለች፣ ከዚያ ትነሣለች።"

"ስንት ጊዜ?"

"በአንድ ጨዋታ እስከ አሥር ጊዜ። እኔ ራሴ ብሌን ቤት አሥራ ስድስት ጊዜ ሞቻለሁ፤ ደብተሬ ላይ አለ።"

አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። "አንተን ማን ነው የሚገድለው? የት ቁመህ?" አሉና በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ስለ በሩ፣ ስለ ሁለቱ ቦታ፣ ስለ እግር ድምፁ አንድ ባንድ ጠየቁኝ። የማውቀውን መለስኩ፣ የማላውቀውን "አላውቅም" አልኩ። ከዚያ "ወረቀት አውጣ" አሉኝ።

የመጋቢት ደብዳቤሽን አርሜ አልላክሁም። ስሕተት አልፈለግኩበትም።

ከዚህ ጋር ያለው የእሳቸው ነው።

ተሻለ


ጪጩ፣ በዚያው ቀን

ለልጄ ልጅ ለሩሃማ፣

ሸዋአለም ነኝ። የሚጽፈው ተሻለ ነው፣ ቃሉ የእኔ ነው። ሲጨርስ መልሶ እንዲያነብልኝ ነግሬዋለሁ።

እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋን የሚባል አልያዘኝም። ስልክ ላይ የለችም ያስባልኩት እኔ ነኝ። ድምፅሽን ለምጄ ኋላ እንዳላጣው ብዬ ነው። የይርጉን ድምፅ ለምጄው ነበር። አሁንም ዝናብ ሲመጣ "እሺ" ሲለኝ ይሰማኛል፤ ለካ እሱም እዚያ ሆኖ ይለኝ ኖሯል። ይህን እስካለፈው ቅዳሜ አላውቅም ነበር።

ፎቶሽ ደርሶኛል። ከስተሻል። ያቺ ሴትዮ ጸጉራቸው አምሮበታል፤ አንቺ ከሆንሽ ያበጠርሽላቸው ጥሩ ነው። የራስሽንም አበጥሪ።

ተሻለ ስለ ጨዋታሽ አስረድቶኛል፣ የመጋቢቱን ደብዳቤሽንም አንብቦልኛል። እነዚያ አራቱ ልጆች አንዲት ሴት ልጅ በር ላይ ብቻዋን አቁመው የሚዞሩት አስተዳደግ የላቸውም። እንደዚህ ብላለች በያቸው። ካይሮ ያለችው ልጅ እንኳ አንድ ቀን ትተካሽ። ቁመሽ ሲደክምሽ ተቀመጪ። መሪያችሁ ግን እውነቱን ነው የተናገረው፣ እሱን ሰላም በዪልኝ።

እናትሽን አትቆጪያት። እኔም ተሻለን ተቆጥቼ አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ምሳ በላሁ፣ አልጣፈጠኝም።

እሑድ ደውዪ። ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ፣ ተሻለ የሚነካውን አሳይቶኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ጨዋታው ሲያበቃ የሚናገር አለ አለኝ። "አለቀ፣ ተነሡ" የሚል። በሩ ላይ የቆመውም ይሰማል ወይ? ሳይሰማ እዚያው ቆሞ የሚቀር እንዳይኖር፣ አንቺ ስትሰሚ ለሌላውም ንገሪ።